የስድስተኛው ፎቅ ማዞሪያ

ጋሽ ፍሪጅ ይሉታል። የመዝገብ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ የምትከፍለው ሴትዮና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን ካልተቆጣች በስሙ አትጠራውም። ባለ ስምንት ፎቁን የቢሮ ሕንፃ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። የሚያቀዘቅዘውስ መሣሪያው ነው፤ እሱ መሣሪያውን ይጠብቃል እንጂ። ግን ይህን ለሕንፃው ሰው ማን ያስረዳዋል? አሳንሰር ውስጥ ሲገባ አንዷ «ጋሽ ፍሪጅ፣ ዛሬ በብርድ ገደልከን እኮ!» ትለዋለች፤ አጠገቧ የቆመው ደግሞ «ኧረ እባክህ፣ እንደ ድንች ነው የቀቀልከን!» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ክፍል ነው የወጡት። ጋሽ ፍሪጅ ይስቃል። ሲስቅ ነው የኖረው፤ ጉዱንም የሠራው ይኸው ሳቁ ነው።

ድሮ በየፎቁ የየራሱ መሣሪያ፣ በየግድግዳው ማዞሪያ ነበር። ወደ ግራ ሲያዞሩት ይቀዘቅዛል፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይሞቃል። ያኔ ማዞሪያው የምር ነበር። ጠዋት እየሮጠ የገባው ላቡ ሳይደርቅ እስከ ጫፍ ወደ ግራ ያጠማዝዘዋል፤ ረፋድ ላይ ሌላዋ ጥርሷን እያንቀጫቀጨች ወደ ቀኝ ትመልሰዋለች፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም አልስማማም ብሎ መስኮት ይከፍትና መንገዱን ያቀዘቅዛል። መሣሪያዎቹ ሲያጓሩ ይውላሉ። ሕንፃው የሚበላው መብራት አይጠየቅ! ባለቤቱ አንድ ቀን «ሰማዩን ነው እንዴ የማቀዘቅዘው?» ብሎ ጮኸ፤ አዲሱም መጣ።

አዲሱ፣ የማይታበል ነገር፣ ግሩም ነው። ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ተተከለ። ማቀዝቀዣው ውኃ ያቀዘቅዛል፤ ውኃው በቧንቧ ወደየፎቁ ይወርዳል፤ ነፋሱ በቧንቧው ላይ እያለፈ ቀዝቅዞ ከኮርኒሱ ይወጣል። በየክፍሉ ጥግ የጣት ጥፍር የሚያህሉ፣ ሙቀትንና ሰውን የሚለዩ ሴንሰሮች ተለጠፉ። ሰው ሲበዛ ነፋሱ ይበረታል፣ ሰው ሲወጣ ይለዝባል፤ ባዶ አዳራሽ እንደ ድሮው ብቻውን ሲንቀጠቀጥ አይውልም። ሁሉንም የሚያዘው ምድር ቤት፣ ከጋሽ ፍሪጅ ወንበር ፊት ለፊት ያለው ኮምፒውተር ነው። ሕንፃው የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ወረደ። ጋሽ ፍሪጅ መሣሪያውን ወደደው። ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ድምፁን ያዳምጠዋል፣ ሲወርድም «ይሄ መሣሪያ አይዋሽም» ይላል። እውነቱን ነበር። መሣሪያው አልዋሸም።

ችግሩ የመጣው ማዞሪያዎቹ ሲነቀሉ ነው። ኮምፒውተሩ ሁሉን ከያዘ ማዞሪያ ለምን? ተብሎ ተነቀሉ፣ ሰዉም አበደ። ትናንት ጤነኛ የነበረው ሁሉ ዛሬ ሳል ያዘኝ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ታፈንኩ ይል ጀመር። የክፍሉ ሙቀት ያው ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚነካ ነገር ስለጠፋ ብቻ ሰው ቆዳው ጠበበው። የሥራ አስኪያጁ ስልክ ዕረፍት አጣ። ሥራ አስኪያጁ ቶሎ የሚደነግጥ ሰው ነው፤ ምድር ቤት ወርዶ «በል እንጂ፣ አንድ ነገር በለኝ!» አለው ጋሽ ፍሪጅን።

«ማዞሪያዎቹን መልሰን እንስቀላቸው።»

«አብደሃል? ቁጠባውስ?»

«እንስቀላቸው አልኩ እንጂ እናገናኛቸው አልኩ?»

ሥራ አስኪያጁ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ! አንተ እኮ ሰይጣን ነህ!»

ዘዴው አዲስ አይደለም። ጋሽ ፍሪጅ ሙያውን ካስተማሩት ሽማግሌ የሰማው ነው፤ እሳቸው «ማስታገሻ» ይሉት ነበር። ሠራተኛው ሲያስቸግርህ ሽቦ የሌለው ማዞሪያ ስቀልለት፣ ይታገሥልሃል፣ ብለውታል። ጋሽ ፍሪጅ ግን ከመምህሩም በለጠ። ማዞሪያዎቹ ሲዞሩ ቀጭ እንዲሉ አደረገ፣ ውስጣቸውም ባትሪና ትንሽ አረንጓዴ መብራት ከተተ። ያዞሩታል፣ ቀጭ ይላል፣ መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ «እፎይ!» ይላሉ። አቤቱታው ድምጥማጡ ጠፋ። ጋሽ ፍሪጅ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ሆነ፤ ባትሪ ባለቀ ቁጥርም ምንም ለማይሠራው ነገር ባትሪ እየቀየረ በየፎቁ ይዞራል።

«ይቺ ነገር ከሁለታችን እንዳታልፍ» ብሎታል ሥራ አስኪያጁ። «ወጣች ማለት ሕንፃው በእኔ ላይ ይነሣል፣ እኔ ደግሞ በአንተ ላይ። ለሚስትህም ቢሆን እንዳትነግራት!»

«ኧረ በምን ዕዳዬ!» አለ ጋሽ ፍሪጅ፣ እየሳቀ።

ሚስቱ የምትሠራው እዚያው ሕንፃ፣ ስድስተኛው ፎቅ ነው። የኢንሹራንስ ድርጅት ነው፤ ሥራዋ ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ እያነሡ የደንበኛ ምሬት መስማት ነው። ቦታውን ያገኘችላት ሚዜዋ ናት። ሚዜዋ ስል እንዲያው ለወጉ ቀሚስ ይዛ የቆመች እንዳይመስላችሁ። ሁለቱን ያስተዋወቀች እሷ፤ ሚስቱ ልጃቸውን ወልዳ ታማ በተኛች ጊዜ ሕፃኗን ቤቷ ወስዳ ያሳደገች እሷ። የራሷ ልጅ የላትም፤ ባልም መጥቶ ሄዷል። ልጅቷ አፏን የፈታችው እሷን «እማዬ» ብላ ነው፤ ሚስቱ ይህን ስትሰማ አልተቀየመችም፣ እንዲያውም «ሁለት እናት ያላት ምን ይጎድልባታል» ብላ ነበር። ጋሽ ፍሪጅን ደግሞ ሚዜዋ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «ሙሽራው» ነው የምትለው። ፀጉሩ አልቆም ሙሽራው ነው።

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ማዞሪያው በመካከላቸው፣ ግድግዳው ላይ። ሚስቱ በዕድሜዋ ምክንያት በየደቂቃው ሙቀት ይነሣባታል፤ ፊቷ ይቀላል፣ ወረቀት አጥፋ ታራግባለች። ሚዜዋ የጉልበት ሕመም አለባት፤ ብርድ ሲነካት አጥንቷ ይጮሃል። በድሮው ማዞሪያ ጊዜ ተግባብተው ነበር የሚኖሩት። አንዷ ስታዞር ሌላዋ «ትንሽ ብቻ፣ እህቴ» ትላለች፣ ይሳሳቃሉ፣ ያልፋል። የምር ስለነበረ ትንሽ ሲያዞሩት ትንሽ ይለወጣል። የማይሠራውን ግን ምን ያህል ቢያዞሩት ይበቃል?

«ዛሬ አንድ ጊዜ አዞርኩት፣ ወዲያው ቀዘቀዘልኝ» ትለዋለች ሚስቱ እራት ላይ። «እጅህ ይባረክ። ባሌ በእጁ የሰቀለው ነው አልኳቸው።»

ጋሽ ፍሪጅ ሳቁን በውኃ ይውጠዋል።

እየዋለ እያደረ ግን የእራቱ ወሬ ተለወጠ። «ሚዜዬ ምን ሆናለች? ገና ከወንበሬ ስነሣ ወደ ሙቀቱ ትመልሰዋለች። እየነደድኩ እያየችኝ!» በሌላ ቀን፦ «ዛሬ ደግሞ ጭራሽ እስከ ጫፍ! አፍ አውጥቼ ብነግራት ‹እኔ አልነካሁትም› አለችኝ። ዓይኗን በጨው አጥባ!» ባትነካው ነው፤ የነካው በዚያ ያለፈ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ደግሞስ ማንም ቢነካው ምን ለውጥ አለው? ጋሽ ፍሪጅ ግን ምን አለ? «አንቺም ትንሽ ታገሻት» አለ። በልቡ ግን እየተዝናና ነበር። ሰው በባዶ ነገር እንዲህ ሲካረር ማየት ያስቀው ነበር።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ሚዜዋ ራሷ እያነከሰች ምድር ቤት ወረደች።

«ሙሽራው» አለችው፣ ወንበሩን ስቦ ሲሰጣት። «ጉልበቴ አለቀልህ። ከላይ እንደ ዝናብ ነው የሚወርድብኝ። እሷ ታዞረዋለች፣ እኔ ላይ ይወርዳል። ምን እንደበደልኳት አላውቅም። ንገራት እስቲ፣ አንተን ትሰማለች።»

ጋሽ ፍሪጅ የብርዱን ምንጭ እሷ ሳትጨርስ ነው ያወቀው። የኮርኒሱ የነፋስ መውጫ ልክ ከወንበሯ በላይ ነው፤ ክንፎቹ ወደ ታች፣ ወደ ራሷ ያጋደሉ ናቸው። አንድ መሰላልና አንድ ጠመንጃ መፍቻ ነው የሚፈልገው። ግን አሰበ። ክንፉን ካስተካከልኩላት ብርዱ ይጠፋል፤ ብርዱ ከጠፋ «ታዲያ ማዞሪያው ምን ይሠራል?» ትላለች፤ እሷ ካለች ፎቁ ይሰማል፤ ፎቁ ከሰማ ሕንፃው ይሰማል። ወንበሩን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ በሩ ላይ «ኃላፊ» የሚለውን ጽሑፍ አየ።

«እነግራታለሁ» አላት። «ታውቂያት የለ፣ ሙቀት አትችልም። አንዳንዴ ለራሷ ብቻ ታስባለች። ቻያት።»

ሌላውን ሁሉ ልተውለት። ፈርቶ ነው፣ ሥራው ነው፣ ሥራ አስኪያጁ አስጠንቅቆታል፣ እሺ። ይህቺን ግን አልተውለትም። ሚስቱ ያላጠፋችውን ጥፋት በገዛ አፉ በሚስቱ ላይ ለጠፈ፤ ያውም ለዚያች ለሚዜዋ።

ጭራሽ ብሶ ደግሞ አስታራቂ ሆነ። በማግስቱ ስድስተኛው ፎቅ ወጥቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ ከኪሱ ቀይ እስክሪፕቶ አውጥቶ ማዞሪያው ላይ መሐል ለመሐል መስመር አሠመረ። «ይሄ የእርቅ መስመር ነው» አለ። «ከዚህ ወዲያም ወዲህም የለም። ያለፈ እኔን ያገኘኛል!» ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ። ሚዜዋ «አይ ሙሽራው፣ ዳኛ መሆን ነበረብህ» አለችው። እሱም ደስ ብሎት፣ እየተንጎራደደ ወረደ።

የእርቁ መስመር የባሰ ጠብ አመጣ። በፊት ጥርጣሬ ነበር፣ አሁን ማስረጃ ተገኘ። ማዞሪያው ከመስመሩ ትንሽ ወዲህ ከሆነ ሚዜዋ «ይኸው!»፣ ትንሽ ወዲያ ከሆነ ሚስቱ «ይኸው!» ሁለቱም ዓይናቸው ከስልኩ ላይ ተነሥቶ ቀይዋ መስመር ላይ ተተከለ። ምሳ አብረው መብላት ተዉ። ሰላምታቸው በጥርስ መሐል ሆነ።

እንግዲህ በአንድ የሚያቃጥል ከሰዓት ሚስቱ ከመታጠቢያ ቤት ስትመለስ ማዞሪያውን እስከ ጫፍ ሙቀቱ ላይ አገኘችው። ማን እንዳዞረው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሚዜዋ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጠቅልላ፣ ስልክ ይዛ እያወራች ነው። ሚስቱ ፊቷ ፍም መሰለ። ስልኩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀችም።

«የሚያሞቅሽ ባል ቤትሽ ስላጣሽ እኛን እዚህ ታቃጥይናለሽ?» አለቻት።

ሚዜዋ ለደንበኛው «ይቅርታ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ስልኩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ቦርሳዋን አነሣች፣ ከመሳቢያዋ ውስጥ የልጅቷን ፎቶ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ እያነከሰች ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስድስተኛውን ፎቅ አልረገጠችም፤ በከተማው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛወረች።

ሚስቱ ያን ዕለት ቤት ገብታ አልቅሳ አላበቃችም። «ምን አስነካኝ? ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ? ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ!» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «ግን አየሁት እኮ! እስከ ጫፍ አዙራዋለች፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት! እሷ ናት የጀመረችው» ትላለች። ያቺ ማዞሪያ ባትኖር እግሯ ላይ ትወድቅ ነበር። ማዞሪያዋ ናት ልቧን ያደነደነችው። ጋሽ ፍሪጅ አጠገቧ ተቀምጧል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። አንዲት ቃል ናት።

«ተያት» አላት። «ይበርድላታል።»

ልጃቸው ስታገባ ሚዜዋ አልመጣችም። የመጣው ስጦታዋ ነው፤ በእጇ የሠራችው የአልጋ ልብስ፣ በሰው እጅ። ሙሽራይቱ አልጋ ልብሱን አቅፋ «ሌላዋ እናቴ የታለች?» ብላ ስትጠይቅ ሚስቱ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ጋሽ ፍሪጅ ለእንግዶች ወንበር ያመቻቻል። በዚያው ሰሞን ሕንፃው በኃይል ቁጠባ ተሸለመ፤ የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ መግቢያው ላይ ተሰቀለ። ሥራ አስኪያጁ ንግግር ሲያደርግ «ይህን ያህል ቆጥበን አንድም ቅሬታ የለብንም» አለ። ጋሽ ፍሪጅንም ጠቀስ አደረገው።

ዓመት አለፈ። ስድስተኛው ፎቅ ቀለም ሊቀባ ሆነ። ቀለም ቀቢው ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሁሉ እየፈታ መጣና ማዞሪያው ጋ ደረሰ። ሁለት ብሎን ነው፤ ፈታው። «እትዬ፣ ይሄን የት ላድርገው?» ብሎ ሚስቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ሚስቱ አየችው። ገለበጠችው። ሁለት ባትሪ። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ልሙጥ ነው። ከሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች በቀር የሽቦ መውጫ የለውም።

ማታ እራት ስታቀርብ ማዞሪያውን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለት። ቀይዋ መስመር አሁንም አለች፤ ትንሽ ደብዝዛለች።

«ሽቦው የት አለ?» አለችው።

የጋሽ ፍሪጅ ያ የለመደው ብልጠቱ ቀድሞት ወጣ። «ይሄ እኮ ሽቦ አያስፈልገውም» አለ። «አዲስ ነው፤ በአየር ነው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው። እንደ ስልክ በይው።»

ሚስቱ ፊቷ ፈካ። ይህን አፈካኳን ጋሽ ፍሪጅ እስከ ዛሬ ማየት አልተወም። ልታምነው ፈለገች። ማዞሪያው የምር ከሆነ ያቺ ክፉ ቃል ቢያንስ ምክንያት ነበራት። ማዞሪያውን አንሥታ በሁለት እጇ ያዘችው፣ ፈገግ ልትልም ዳዳት፤ ከዚያ ፊቱን አየችው።

«በልጃችን ማልልኝ።»

ጋሽ ፍሪጅ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ሳህኑን ማየት ጀመረ። ሚስቱ ጠበቀችው። ማዞሪያውን ወደ ግራ አዞረችው። ቀጭ አለ፣ መብራቷ በራች። ወደ ቀኝ አዞረችው። ቀጭ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትወረውርበት ይሻለው ነበር። ተነሥታ እራቷን ሳትነካ ገብታ ተኛች።

በዕረፍት ቀኗ ማዞሪያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሚዜዋ ቤት ሄደች። ላድርስሽ ቢላት እንዳልሰማ ሆነች። ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በር ላይ ቆማ ነው የነገረችው። ሚዜዋ በሯን ከፍታላታለች፤ አስቀምጣታለች፤ እስከ መጨረሻው ሰምታታለች። ማዞሪያውን ተቀብላ አንድ ሁለቴ ቀጭ አድርጋ «ይቺ ናት?» ብላለች። ከዚያ መልሳ ሰጥታታለች።

«‹ማዞሪያውስ የውሸት ይሁን› አለችኝ» አለች ሚስቱ። «‹ያቺ ቃል ግን ካንቺ አፍ ነው የወጣችው። እሷንም ባልሽ ነው ያዞራት?› አለችኝ። ምን እላታለሁ?»

ባልሽ። ሙሽራው ሳይሆን ባልሽ። ሚስቱ መልስ ፈልጋ አልነበረም፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሣችም። ለሕንፃውም ሰው ትንፍሽ አላለችም፤ ብትናገር የባሏ መተዳደሪያ ይቋረጣል፣ የእሱ ደግሞ የእሷም ነው። እንግዲህ እሷም ከዋሾዎቹ ጋር ተቆጠረች። ወይ አበሳ!

ቀለሙ ሲደርቅ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። «ማዞሪያዎቹን መልስ እንጂ፤ ሰዉ ሙቀት ሙቀት ማለት ጀምሯል።» ጋሽ ፍሪጅ መለሳቸው። ሚስቱ በወሰደችው ምትክ ከዕቃ ግምጃ ቤት አዲስ አመጣ፣ አዲስ ባትሪ ከተተበት፣ ሚስቱ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ጀርባዋን ሰጥታው ስልክ እያነሣች ብሎኑን አጠበቀ። ከዚያ መሰላሉን ወደ ሚዜዋ ቦታ ሳበው። አሁን የምትቀመጥበት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ናት፤ እሷም ሻርፕ ተጠቅልላለች። ወጣ፣ ጠመንጃ መፍቻውን አስገባ፣ ክንፎቹን ወደ ግድግዳው አጋደላቸው። ከመሰላሉ ሳይወርድ ልጅቷ ሻርፗን አወለቀች።

«ጋሽ ፍሪጅ፣ ምን አደረግከው? ብርዱ ጠፋ እኮ! ለካ እንዲህ ቀላል ነው?»

«ቀላል ነው» አለ። አልሳቀም። ሚስቱ ሰምታለች፤ ግን አልዞረችም፣ ለደንበኛው «እየሰማሁዎት ነው» ትላለች።

አብረው ይኖራሉ። የት ይሄዳሉ? እራት ይበላሉ፣ የልጃቸውን ስልክ በየተራ ያነሣሉ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጉንፋን ያወራሉ። ከውጭ ለሚያያቸው ምንም የጎደለ ነገር የለም። ሊተኙ ሲሉ ሚስቱ እንደ ወትሮዋ ትጠይቀዋለች።

«ምድጃውን አጥፍተኸዋል?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

ተነሥታ ሄዳ ታያለች። ጠፍቷል። ትመለሳለች።

«በሩንስ ቆልፈኸዋል?»

«ቆልፌዋለሁ» ይላታል፤ ቆልፎታልም። እሷ ግን በባዶ እግሯ ሄዳ እጀታውን ትስበዋለች።